ለአረጋውያን የጤና ቴክኖሎጂ ሲነደፍ የአጠቃቀም ታሪክ እንዴት ይጻፋል? በደም ግፊት መድኃኒት አስታዋሽ ምሳሌ የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

በፕሮጀክት ሰነዶች ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ደጋግሞ ይገኛል፦ «አቶ በቀለ የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። የደም ግፊት አለባቸው። ጠዋት መተግበሪያውን ከፍተው ማስታወሻውን ያያሉ፤ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ግፊታቸውን ለክተው ለሐኪማቸው ይልካሉ። ኑሯቸው ቀሏል።»

ይህ ማስታወቂያ እንጂ የአጠቃቀም ታሪክ አይደለም። አቶ በቀለ መነጽራቸው አይጠፋባቸውም፤ የስልካቸው ባትሪ አያልቅም፤ ከማንም ጋር አይኖሩም፤ መድኃኒቱን ላለመውሰድም አንዲት ምክንያት የላቸውም። እንዲህ ያሉ ሰው ቢኖሩ መተግበሪያው ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ባለሙያዎች ሴናሪዮ የሚሉት የአጠቃቀም ታሪክ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ አንድ ነገር ለመፈጸም ሲጥር የሚገጥመውን የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ነው። የሚጻፈው ገና ኮድ ሳይጻፍና ገንዘብ ሳይወጣ ንድፉን ለመፈተን ነው። ንድፉን ማስቸገር ያልቻለ ታሪክ የተጻፈበትን ወረቀት ያህል እንኳ አይጠቅምም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተዘጋጀው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ በከተማ ለሚኖሩ አረጋውያን የደም ግፊት መድኃኒት እንዲወስዱ የሚያግዝ የስልክ አገልግሎት። የእናንተ ሥራ የስኳር በሽታ ወይም የዓይን ሕክምና ክትትል ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ችግሩን አጥብቡ፤ ነገር ግን ምክንያቱን አስቀድማችሁ አትወስኑ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰዎች በትእዛዙ የሚጸኑት በአማካይ ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን ገልጿል። ይህን ያነበበ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ «ይረሳሉ» የሚል ነው። ለመርሳት ደግሞ መፍትሔው ደወል ነው፤ ደወል መሥራት ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ደወል ይሠራል።

መድኃኒቱ የሚቋረጠው ግን በሌላም ምክንያት ነው። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው «አሁን ደህና ነኝ» ማለት ቀላል ነው። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል ኢናላፕሪል በአንዳንዶች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። በጤና ጣቢያው መድኃኒቱ አልቆ በግል ፋርማሲ ዋጋው አይቀመስ ይሆናል። ጠበል የገቡ ሰው መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም እንዳለባቸው ሊያምኑ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱንም ደወል አይፈታውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የምትጽፉት «አረጋውያን መድኃኒት እንዳይረሱ ማድረግ» ሳይሆን «የታዘዘው መድኃኒት ሳይወሰድ የሚያልፍባቸውን ቀኖች ማወቅና መቀነስ» ይሁን። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቤት ለቤት ሄዳችሁ እንድትጠይቁ ያስገድዳችኋል።

ደረጃ 2፦ ቤታቸው ሄዳችሁ ስለ ትናንት ጠይቁ

ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ጽሕፈት መግባት የተለመደ ነው፤ ባዶነቱም ከሩቅ ይታወቃል። ሰዎቹን ቢሮ ጠርቶ በስብሰባ ማነጋገርም ብዙ አያዋጣም። ቤታቸው ሂዱ።

ለእንግዳ «አይ» ማለት በሚከብድበት ባህል ውስጥ «እንዲህ ያለ አገልግሎት ቢኖር ይጠቀሙበታል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። «እንዴታ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ይህ ይሉኝታ እንጂ መረጃ አይደለም። ይልቁንም ያለፈውን ጠይቁ፦ «የትናንቱን ቀን ከተነሱበት ሰዓት ጀምረው ይንገሩኝ።» «መድኃኒቱን የሚያስቀምጡበትን ቦታ ያሳዩኛል?» «መጨረሻ ያልወሰዱት መቼ ነበር? የዚያን ቀን ምን ነበር?»

መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመርፌና ክር ጋር ሊሆን ይችላል፤ በቦርሳ ውስጥ ተቋጥሮ፣ ከዳዊት መጽሐፉ አጠገብ፣ ወይም ሕፃን እንዳይደርስበት ቁም ሣጥን ላይ ሊሆን ይችላል። የፋርማሲው ፖስታ ላይ የተጻፈውን እንዲያነቡላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ከተጻፈው ከተለየ ለማረም አትቸኩሉ፤ ጻፉት። መጠኑ ተዛብቶ ለአደጋ የሚያጋልጥ መስሎ ከታያችሁ ግን ማስታወሻ መያዙ ይቆይና የሚከታተላቸው ባለሙያ እንዲያውቅ አድርጉ።

ልጆች ለወላጆቻቸው የመመለስ ልማድ አላቸው። «እማዬ በየቀኑ ነው የምትወስደው» ይላል ልጅ፤ እናት ዝም ይላሉ። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ አንዳችሁ ልጁን በሌላ ክፍል ስለ ስልኩና ስለ ወጪው ማነጋገር ትችላላችሁ። የሁለቱ መልስ የሚለያይበት ቦታ ለታሪካችሁ ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ለምን እንደመጣችሁም ግልጽ አድርጉ። መዋጮ ወይም እርዳታ ያመጣችሁ ከመሰላቸው የሚነግሯችሁ ሌላ ነገር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋልና፣ ስምና አድራሻ በማስታወሻችሁ ላይ እንዳይቀር። በመጨረሻው ታሪክ ውስጥ የሚታየው ሰው ከብዙ ሰዎች የተቀዳ የፈጠራ ሰው ይሁን።

ደረጃ 3፦ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ መዝግቡ

በእኛ ቤት «ተጠቃሚ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ስልኩን ዱባይ የምትሠራ ልጅ ገዝታ ልካዋለች፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጫወትበት የልጅ ልጅ ነው፤ ካርድ የሚሞላው የጎረቤት ልጅ ነው። መድኃኒቱን የምታመጣው የቤት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አልፎ አልፎ ትጎበኛለች። እያንዳንዳቸው ምን ያያሉ? ምን ይነካሉ? ምን ማወቅ የለባቸውም?

ስለ ዋናዋ ባለታሪክ አንድ ገጽ ይበቃል። ዕድሜን ከላይ አድርጋችሁ አትጀምሩ፤ «71» የሚለው ቁጥር ለነዳፊ የሚነግረው ጥቂት ነው። በዚያ ፈንታ ዓይንን፣ ጆሮን፣ እጅን፣ ንባብን፣ ገንዘብንና ሰውን ጻፉ። ዓይን ሲባል የቅርቡን ማንበብ አለመቻል ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ግንባር ቀደም የዓይነ ስውርነት መንስኤ የሆነው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ ግራጫ ጽሑፍን ከነጭ ይደባልቃል። ጆሮ በዕድሜ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭንና ከፍተኛ ድምፆችን ስለሆነ፣ ቀጭኗ የስልክ ጩኸት ከሁሉ በፊት የማትሰማው ናት። ሥራ ያጠነከረውና የደረቀ ጣት ስክሪኑን ቢነካም ስክሪኑ ላይሰማው ይችላል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ አጭር ንክኪን ወደ ረጅም ይለውጣል።

ገጹ የጉድለት መዝገብ ብቻ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የእድር ጸሐፊ የሆኑ፣ የወር በዓላትን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ፣ የሰፈሩን ሰው ስልክ ቁጥር ሳይጽፉ የሚይዙ ሴት የማስታወስ ችግር አለባቸው ብሎ መነሳት ስድብም ነው፤ ስህተትም ነው።

ደረጃ 4፦ ቴክኖሎጂው የሌለበትን የዛሬውን ታሪክ ጻፉ

አሁን ወደ ጽሕፈት። መጀመሪያ የሚጻፈው የዛሬው ኑሮ ነው፤ መተግበሪያም አስታዋሽም የለበትም። ቀኑ የተለየ ይሁን። «አንድ ቀን» አይበቃም፤ የትኛው ቀን?

«ቀኑ 27፣ መድኃኔዓለም ነው። ወይዘሮ አስካለ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተዋል። ኮልፌ ከልጃቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱ ኪኒኖች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። አንደኛዋ ሽንት ታመላልሳለች፤ ቅዳሴ መሐል ሰው እየገፉ መውጣት አይፈልጉም። ‹ስመለስ እወስዳቸዋለሁ› ብለው ክዳኑን መለሱት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ለቅሶ እንዳለ ሰሙ፤ ከጎረቤታቸው ጋር እዚያው ሄዱ። ቤት የገቡት 10 ሰዓት ላይ ነው። ቆርቆሮውን ከፈቱ፤ ቆሙ። ጠዋት ወስጄ ነበር? ቆርቆሮውን መክፈታቸው ትዝ ይላቸዋል፤ መዋጣቸው ግን አይታወሳቸውም። ሁለት ጊዜ ከመዋጥ ይቅር ብለው ከደኑት። ማታ የልጅ ልጃቸው ‹እማማ፣ መድኃኒት ወሰድሽ?› ሲላቸው ‹አዎ› አሉት።»

ይህ ታሪክ አጭር ነው፤ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ነግሮናል። ጠዋት አልረሱም፤ አስበው ነው የተዉት፤ ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ የሚጮህ ደወል ለእሳቸው የሚጨምረው ነገር የለም። ቀጥሎ፣ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ጥያቄያቸውም «መቼ ልውሰድ?» ሳይሆን «ወስጃለሁ ወይ?» ነው። ሦስተኛው «አዎ» የምትለዋ ቃል ናት፦ ራሳቸው ሪፖርት በሚያደርጉበት አገልግሎት ላይ የሚሰበሰበው መረጃ ምን ያህል እንደሚታመን አስቀድማ ትነግረናለች።

ሌላም አለ። የምታሸናዋን ኪኒን በበዓል ቀን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይቻላል? ሌሊት እንዳያስነሳ ብዙ ጊዜ ጠዋት እንድትወሰድ የሚመከረው በምክንያት ነው። ይህ ጥያቄ ለነዳፊ አይደለም፤ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ነው። ጥሩ ታሪክ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁም ያሳያል።

በአጻጻፍ ረገድ፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰውየው የሚያደርገውን እንጂ «ቀላልና ምቹ» የሚሉ ቅጽሎችን አታስገቡ። ስሜትን የምትጽፉት ከድርጊት የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው። «ቆሙ» ማለት «ግራ ተጋቡ» ከማለት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ቴክኖሎጂውን አስገቡና በዝግታ ጻፉት

ሁለተኛው ጽሑፍ ያንኑ ቀን ይወስዳል፤ አዲሱን ነገር ብቻ ይጨምራል። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የድምፅ ጥሪ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ እንሞክረው።

«10 ሰዓት ከ10 ላይ ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ አስካለ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ‹ጤና ይስጥልኝ። የዛሬውን ወስደው ከሆነ 1ን ይጫኑ፤ ካልወሰዱ 2ን፤ እርግጠኛ ካልሆኑ 3ን ይጫኑ።› ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር፤ ቀስ ብሎ በራ። ቁጥሮች የሉበትም። ቁጥሮቹ የሚወጡት ሌላ ምልክት ሲነካ ነው፤ የትኛው? መነጽራቸውን ሊያመጡ ተነሡ። ሲመለሱ ጥሪው ተቋርጧል።»

ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ላይ ምንም ችግር የሌለበት ንድፍ በስማርት ስልክ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አያችሁ። በስብሰባ ላይ «የድምፅ ምናሌ እንጠቀም» ሲባል ማንም አይቃወምም፤ እጅና ስልክን በሰከንድ እየተከተላችሁ ስትጽፉ ግን እንቅፋቱ ራሱ ይወጣል። መፍትሔው ብዙ ነው፦ በንግግር መመለስ፣ መልስ እስኪመጣ መጠበቅና መድገም፣ ወይም ጨርሶ መልስ አለመጠየቅ። ምናልባትም ትክክለኛው መልስ የሰባቱን ቀን ኪኒን በየክፍሉ የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ የዕለቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ወስደዋል፤ ካልሆነ አልወሰዱም። ታሪኩ ወደዚያ ከመራችሁ ተከተሉት፤ ስልክ የግድ መግባት የለበትም።

በዚህ ደረጃ የአዝራር ቀለምና የገጽ ስም አትጻፉ። «ሰማያዊውን አዝራር ተጫኑ» ካላችሁ ንድፉን ሳትፈትኑ ወስናችኋል። የምትጽፉት የሚሰሙትን፣ የሚያዩትንና የሚያደርጉትን ነው። አገልግሎቱ የሚናገረውን ቃል ግን ሙሉ በሙሉ ጻፉት፤ «እርስዎ» ብሎ ነው የሚያነጋግረው ወይስ እንደ እኩያ? ከላይ ያለው መልዕክት «የደም ግፊት» የሚለውን ቃል አለመጥራቱም በአጋጣሚ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ድምፁ ወደ ውጭ ተለቅቆ ቢሰማስ? ለደም ግፊት ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ያንኑ ንድፍ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ብትጠቀሙበት ግን የሰው ምሥጢር በአደባባይ ማውጣት ነው።

ደረጃ 6፦ የከፉትን ቀኖች ጻፉ

አብዛኛውን ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ለአገራችን አገልግሎት ሁሉ የሚያስፈልጉ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የራሳችሁን ጨምሩበት።

የሰዓት ቀን። ነርሷ በኮምፒውተሩ ላይ «8:00» ብላ መዘገበች፤ ኮምፒውተሩ ጠዋት 2 ሰዓት አለው። ወይስ እሷ ያሰበችው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር? በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ንድፉም እንዲሁ እንዲያደርግ ጠይቁ።

የጳጉሜን ቀን። ነሐሴ 5 ለአንድ ወር የሚሆን 30 ኪኒን ተሰጣቸው፤ ቀጠሯቸው መስከረም 5 ነው። በቀን አንድ ከወሰዱ የመጨረሻዋ ኪኒን ጳጉሜን 4 ታልቃለች። ከጳጉሜን 5 እስከ መስከረም 4 አምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ስድስት ቀን፣ እጃቸው ባዶ ነው፤ በመካከሉም የአዲስ ዓመት በዓል አለ። አስታዋሹ ግን በየቀኑ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» ይላል። ቀጠሮ በወር ሳይሆን በኪኒን ቁጥር መቆጠር እንዳለበት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

የጾም ቀን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቆዩ አረጋውያን አሉ። «ከቁርስ በኋላ» የሚለው ትእዛዝ ለእነሱ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ትርጉም የለውም። በረመዳን ደግሞ ያለው ጊዜ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ነው። አምሎዲፒን ከምግብ ጋር አይገናኝም፤ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ግን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ታሪኩን ለሁለቱም ጻፉ፤ ሐኪም ያንብበው።

የመብራት ቀን። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኗል፤ ስልኩ ሞቷል። ሲበራ የሦስት ቀን መልዕክት በአንድ ላይ ይገባል። ሦስቱንም ኪኒን ይውጡ ይሆን?

የልጅ ልጅ ቀን። ልጁ ጨዋታው እንዳይቋረጥበት ማስታወሻውን «ወስጃለሁ» ብሎ ዘጋው። ዱባይ ያለችው ልጅ በስልኳ አረንጓዴ ምልክት አይታ ተረጋጋች።

የቀይ ቁጥር ቀን። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካለ ይህ ታሪክ ግዴታ ነው። ቡና ጠጥተው፣ ደረጃ ወጥተው፣ ወዲያው ክንዳቸውን አስረው ለኩ። 168/95 ወጣ፤ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ደነገጡ፤ አንድ ኪኒን ጨመሩ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ራሳቸው ዞረ፤ ወደቁ። ትክክለኛው አለካክ ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል በጸጥታ ተቀምጦ፣ ጀርባን አስደግፎና ክንድን በልብ ልክ አድርጎ ነው። ንድፉ ቀይ ከማብራቱ በፊት «ጥቂት ያርፉና እንደገና ይለኩ» ይላል? ተጨማሪ ኪኒን እንዳይወስዱስ ይነግራል? ለማን እንዲደውሉ ያሳያል?

የመጨረሻው ቀን። ስለ አረጋውያን እየነደፋችሁ ነውና ይህንንም ጻፉት። ሰውየው አርፈዋል፤ ቤቱ ድንኳን ተጥሏል። 2 ሰዓት ላይ ስልካቸው ጠራና የተቀዳው ድምፅ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ነገራቸው። አገልግሎቱን ማን፣ በምን መንገድ፣ በስንት ጥያቄ ያቋርጠዋል? ሐዘንተኛ ልጅ የይለፍ ቃል መፈለግ የለበትም።

ደረጃ 7፦ ከታሪኩ መስፈርት አውጡ

ታሪክ ብቻውን ለፕሮግራም ጸሐፊ አይበቃም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይህን ዘዴ ካስፋፉት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ካሮል የሚያስተምረው ጠቃሚ ልማድ አለ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የንድፍ ውሳኔ የሚያስገኘውም የሚያስከፍለውም ተጽፎ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለምሳሌ፦ «ለልጅ መልዕክት መላክ» ሩቅ ያለችውን ልጅ ያረጋጋል፤ እናትን ግን ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሰው ያደርጋል፣ «አዎ» እንዲሉም ይገፋፋል። ከዚህ የሚወጣው መስፈርት «መልዕክቱ ለማን እንደሚላክ ራሳቸው ባለታሪኳ ይወስናሉ፤ በፈለጉ ጊዜም ያቋርጣሉ» የሚል ይሆናል።

ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ስጧቸው፤ እያንዳንዱ መስፈርት የመጣበትን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ይያዝ። ጊዜ ሲያጥርና አንድ ሰው «ይህ ለሁለተኛው ዙር ይቆይ» ሲል የሚቀረው ነገር የማን ቀን እንደሆነ ሁሉም ያያል።

ደረጃ 8፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው

ረቂቁን ለአረጋውያኑ ራሳቸው አንብቡ፤ ሥዕልና ስክሪን አታሳዩ። «ይህች ሴትዮ እውነት እንዲህ ታደርጋለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ የማይናገሩትን ስለ ወይዘሮ አስካለ በነፃነት ይናገራሉ፦ «አይ፣ እሷ እንኳ ቅዳሴ ላይ አትወስድም፤ ግን ለቅሶ ቤት ውኃ ጠይቃ ልትውጠው ትችል ነበር።» እንዲህ ያለውን እርማት በራሳቸው አነጋገር ጻፉት።

ከዚያ ለነርስ፣ ለፋርማሲ ባለሙያና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስጡት። የሕክምና ስህተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። የቴክኖሎጂው ቡድን መጨረሻ ያንብብ፤ ቀድሞ ካነበበ ታሪኩን ለመሥራት ወደሚቀለው ነገር ይጎትተዋል።

ለአንድ አነስተኛ አገልግሎት አንድ የዛሬ ታሪክ፣ አንድ ወይም ሁለት የአዲሱ ንድፍ ታሪክና አምስት ያህል የከፉ ቀኖች ይበቃሉ፤ ከገጽ የሚበልጥ ታሪክ ማንም ደግሞ አያነብም። በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈበትን ቀንና ከምን ዓይነት ጉብኝት እንደተቀዳ አስፍሩ። አገልግሎቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ በጥሪ ማዕከሉ የሚደርሱ ቅሬታዎችን ከታሪኮቹ ጋር አመሳክሩ፤ ከየትኛውም ታሪክ ጋር የማይገጥም ቅሬታ ሲመጣ አዲስ ቀን ጽፋችሁ በደረጃ 6 ዝርዝር ላይ ጨምሩ።